«ናሽናል» እና «ፓናሶኒክ»፦ የአባትሽ ቴፕ ለምን ሁለት ስም ኖራት?

ጥያቄው እንዲህ ይላል። «ጋሼ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና ትቶልን ከሄደው ዕቃ ውስጥ አንዲት ባለ ካሴት ሬዲዮ አለች። ፊቷ ላይ ‹ናሽናል ፓናሶኒክ› ተብሎ ተጽፏል። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ስም ያለው ዕቃ ፎርጅድ ነው፣ ኦሪጅናሉ ናሽናል ብቻ ነው የሚለው ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ ናሽናል ከስሮ ለፓናሶኒክ ተሸጠ ብሎ ነገረኝ። ሳንዮም የእነሱ ዘመድ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነቱ የቱ ነው? ቴፗንስ ላሠራት ወይስ እንዲሁ ትቀመጥ?»

እህቴ፣ ይህን ክርክር በሱቄ ባንኮኒ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም። ሬዲዮና ቴፕ ስፈታ ስገጥም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ናሽናል ደግሞ እጄ የተፍታታበት ዕቃ ነው። ስለዚህ መልሴ ቢረዝም ታገሺኝ።

አጭሩን ላስቀድም። በሁለት ስሟ ብቻ ቴፗ ፎርጅድ አትባልም። እንዲያውም «ናሽናል ፓናሶኒክ» ብሎ መጻፍ ኩባንያው ራሱ ወደ ውጭ በሚልከው ዕቃ ላይ ለዓመታት ያደረገው ነው። ናሽናልን የገዛ ፓናሶኒክ የሚባል ሌላ ድርጅት የለም። ሁለቱም የአንድ ቤት መጠሪያዎች ናቸው። የቤቱ ስም ማትሱሺታ ይባላል። ሳንዮ ያልሽው ደግሞ እውነት ነው፤ ዘመድ ነው። ዝምድናውም በጋብቻ ነው።

አሁን ረጅሙን። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ።

ሰውየው ኮኖሱኬ ማትሱሺታ ይባላል። በ1894 ጃፓን ውስጥ ዋካያማ በሚባል አገር ተወለደ። ለቤቱ ስምንተኛና የመጨረሻ ልጅ ነው። አባቱ ባለ መሬት ነበሩ። በሩዝ ዋጋ መውጣትና መውረድ እናተርፋለን ብለው ገቡበትና ያላቸውን ሁሉ አጡ። ኮኖሱኬ በ9 ዓመቱ ትምህርቱን አቋርጦ ብቻውን ወደ ኦሳካ ተላከ። መጀመሪያ የከሰል ምድጃ የሚሸጥ ሱቅ ገባ። ቀጥሎ የቢስክሌት ሱቅ ተላላኪ ሆነ። ይህን የቢስክሌት ሱቅ ያዢልኝ።

ኦሳካ ያኔ የኤሌክትሪክ ትራም መዘርጋት ጀምራለች። ልጁ ትራሙን እያየ፣ ወደፊት ነገሩ ሁሉ በኤሌክትሪክ እንደሚሆን ገባው። በ15 ዓመቱ የኦሳካ መብራት ኩባንያ ተቀጠረ። ቤት ለቤት ሽቦ እየዘረጋ ሙያውን ለመደ። በ22 ዓመቱ ተቆጣጣሪ ሆነ። ደህና ደሞዝ፣ ቀለል ያለ ሥራ። እሱ ግን በትርፍ ሰዓቱ አዲስ ዓይነት የአምፖል ሶኬት ሠርቶ ለአለቃው አሳየ። አለቃው አልወደደለትም። በ1917 ሥራውን ለቀቀ።

እጁ ላይ የነበረው ገንዘብ 100 የን አይሞላም። አብረውት የተሰለፉት ባለቤቱ ሙሜኖ፣ የእሷ ታናሽ ወንድም ቶሺዮ ኢኡዌ እና ሁለት የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ቶሺዮ ያኔ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ፋብሪካቸው የሚኖሩበት ጠባብ የኪራይ ቤት ነው። የሶኬቱን ገላ ከምን ከምን ቀላቅለው እንደሚጋግሩት እንኳ አያውቁም ነበር። ጠይቀው ተማሩት። ሠሩት። አልተሸጠም። ሁለቱ ባልደረቦች ኑሮ ከብዷቸው ሄዱ። ሙሜኖ ኪሞኖዋን፣ የጃፓን የባህል ልብሷን፣ ወለድ አግድ እያስያዘች ቤቱን አቆመች። የዚህ ኩባንያ ታሪክ ሲወራ ሁሌ የሚነሳው ባልየው ነው። እኔ ግን ያቺ ኪሞኖ ባትኖር ዛሬ የምናወራው ነገር አይኖርም እላለሁ።

በዓመቱ መጨረሻ ያልጠበቁት ትእዛዝ መጣ። ሶኬት አይደለም። ለቬንቲሌተር መቀመጫ የሚሆን፣ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጠፍጣፋ ነገር፣ 1,000 ፍሬ። ቀድሞ ከሸክላ ይሠራ ነበር፤ እየተሰበረ አስቸገረ። እነሱ ሶኬቱን ሲጋግሩ የተማሩት ሙያ ለዚህ ዋለ። በተገኘው ገንዘብ ሰፋ ያለ ቤት ተከራዩ። ማርች 7 ቀን 1918 ኩባንያው በይፋ ተመሠረተ።

ከመጀመሪያዎቹ ዕቃዎች አንዱ ባለ ሁለት አፍ ሶኬት ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን አብዛኛው የጃፓን ቤት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከጣሪያ በተንጠለጠለ አንድ የአምፖል ቀዳዳ ብቻ ነበር። ካውያ ልተኩስ ካልሽ አምፖሉን ፈትተሽ በጨለማ ነው። ባለ ሁለት አፉ ሶኬት ሲመጣ መብራቱም በራ፣ ካውያውም ሞቀ። ዛሬ በየቤታችን ማከፋፈያ ላይ ቻርጀሩንም ቲቪውንም ስንሰካ ያው ጣጣ ነው የምንፈታው።

አሁን ወደ ቢስክሌቱ እንመለስ። እኔ የዚህ ኩባንያ እውነተኛ ልደቱ እዚህ ጋ ነው ባይ ነኝ።

በዚያ ዘመን የጃፓን ባለ ሱቅ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው በቢስክሌት ነው። ሲመሽ የሚያበሩት ሻማ ወይም የጋዝ ፋኖስ ነው፤ ንፋስ ሲነካው ይጠፋል። በድንጋይ የሚሠራ መብራትም ነበር። ግን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በርቶ ያልቃል። ኮኖሱኬ ቢስክሌት ሱቅ ያደገ ልጅ ስለሆነ ይህን ችግር ከጫፍ እስከ ጫፍ ያውቀዋል። ስድስት ወር ሙሉ ወደ መቶ የሚጠጋ ሙከራ ሠራ። በ1923 የጥይት ቅርጽ ያለው መብራት አወጣ። አንድ ጊዜ የባትሪ ድንጋይ ከገባለት ከ30 እስከ 40 ሰዓት ይበራል።

አከፋፋዮቹ ግን አላመኑትም። የባትሪ መብራት ቶሎ ያልቃል የሚለው ነገር አእምሯቸው ውስጥ ተቀርጿል። ድንጋዩም ለብቻው የተሠራ ነው፤ ሲያልቅ ከየት እናመጣለን አሉ። በየሄደበት እንቢ። ዕቃው እየተከማቸ ነው፣ ገንዘቡ እያለቀ ነው።

ታዲያ ምን አደረገ መሰለሽ? አከፋፋዮቹን ተዋቸው። ሰዎች ቀጠረና በኦሳካ ያሉ የቢስክሌት ሱቆች ጋ በቀጥታ ላካቸው። እያንዳንዱ ሱቅ ውስጥ ጥቂት መብራቶች አስቀመጡ። አንዱን እዚያው አብርተው ሄዱ። ስምምነቱ፣ ይህ መብራት ያልነውን ያህል ሰዓት ከበራ ትከፍሉናላችሁ፣ ካልበራ አንድ ሳንቲም የለባችሁም የሚል ነው። መሸ፣ መብራቱ በርቷል። ባለ ሱቁ ዘግቶ ሄዶ ጠዋት ሲከፍት አሁንም በርቷል። በማግስቱም እንደዚያው። ከዚያ በኋላ የሚከራከር አልተገኘም። እንቢ ያሉት አከፋፋዮችም ደጃፉን መጥናት ጀመሩ።

ይህን ታሪክ ለልጆቼም ለተለማማጆቼም ነግሬያለሁ። ዛሬም የጠገንኩትን ቴፕ ለባለቤቱ ወዲያው አልሰጥም። ሱቁ ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ እየዘፈነ ይውላል።

«ናሽናል» የሚለው ስም የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የጥይቱን መብራት መሸጫ ለሌላ ነጋዴ አሳልፎ ሰጥቶ ነበር። ለቀጣዩ፣ አራት ማዕዘን ለሆነው መብራት፣ የራሱን ስም ፈለገ። ጋዜጣ ላይ «ኢንተርናሽናል» የሚል ቃል አየና ትርጉሙን ፈለገ። ከውስጡ «ናሽናል» ብቻውን የሕዝብ፣ የአገር ማለት እንደሆነ አገኘ። ወደደው። በ1925 አስመዘገበው። በ1927 መብራቱ ላይ ተለጠፈ። ያኔ ናሽናል ማለት ሬዲዮም ቴፕም አልነበረም፤ የሳይክል መብራት ነበር።

ገበያውን ለመክፈት 10,000 መብራት በነጻ ላድል አለ። ችግሩ ድንጋዩ ነው። ድንጋዩን የሚያመርተው ኦካዳ የሚባል የቶኪዮ ሰው ነው። ኮኖሱኬ ሄዶ 10,000 ድንጋይ በነጻ ስጠኝ አለው። ኦካዳ ደነገጠ፤ ማን አይደነግጥ! ኮኖሱኬ ግን፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 200,000 ድንጋይ ካልሸጥኩልህ የሰጠኸኝን ሁሉ እከፍልሃለሁ አለ። ተስማሙ። የተሸጠው 470,000 ሆነ። በአዲሱ ዓመት ኦካዳ የክብር ልብሱን ለብሶ ሊያመሰግነው ኦሳካ ድረስ መጣ። የባትሪውን ነገር አትርሺው፤ መጨረሻ ላይ ይመለሳል።

በዚያው ዓመት ካውያ ሠሩ። የሌላው ካውያ 4 እና 5 የን ሲሸጥ የናሽናል 3 የን ከ20 ወጣ። ዋጋው እንዲወርድ በወር 10,000 መመረት ነበረበት። በመላው ጃፓን በዓመት የሚሸጠው ካውያ ተደምሮ መቶ ሺህ የማይሞላበት ጊዜ ነው። እብደት ይመስላል። ግን ዋጋው ሲወርድ ገዢው ራሱ በዛ።

በ1929 መጨረሻ ዓለም በኢኮኖሚ ድቀት ተመታች። የማትሱሺታ መጋዘን ባልተሸጠ ዕቃ ሞላ። ኮኖሱኬ ታሞ ተኝቷል። ኃላፊዎቹ መጥተው ሠራተኛውን ግማሹን እናሰናብት አሉት። እሱ ከአልጋው ሆኖ እንቢ አለ። አንድም ሰው አይባረር፣ ከማንም ደሞዝ አይቀነስ፣ ምርቱ በግማሽ ይቀነስ፣ ሰዉ ግማሽ ቀን ሠርቶ በቀረው ጊዜ ዕቃውን ወጥቶ ይሽጥ አለ። በሁለት ወር ገደማ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ስለ ኩባንያ ጥሩ ነገር ሲወራ ቶሎ አላምንም። ይህኛውን ግን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፣ ሁሌም ልቤን ይነካዋል።

ሬዲዮ የጀመሩት በ1931 ነው። ሦስት ቱቦ ያለው ሬዲዮ ሠርተው በጃፓን ሬዲዮ ጣቢያ ውድድር አንደኛ ወጡ። ያን ጊዜ አንድ ግለሰብ የሬዲዮ ቁልፍ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ይዞ አምራቾቹን ሁሉ ያስጨንቅ ነበር። ኮኖሱኬ በ1932 ፓተንቱን በከባድ ገንዘብ ገዛው። ከዚያ ለተፎካካሪዎቹ ሁሉ በነጻ ለቀቀላቸው። እኔ የሬዲዮ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ይህን ሳስብ ባርኔጣዬን አወልቃለሁ።

በዚያው ዓመት ሜይ 5 ቀን ሠራተኞቹን ሰብስቦ ስለ ቧንቧ ውሃ ነገራቸው። ውሃ ዋጋ አለው። ግን መንገደኛ ከሰው ቧንቧ ጎንበስ ብሎ ቢጠጣ ማንም ሌባ አይለውም። ስለተትረፈረፈ ነው። የእኛም ሥራ የቤት ዕቃን እንደ ቧንቧ ውሃ ማትረፍረፍና ማርከስ ነው አለ። ለዚህም የ250 ዓመት ዕቅድ አወጣ። አልተሳሳትሽም፣ ሁለት መቶ ሃምሳ። እኛ አገር ሰው ቦኖ ተሰልፎ ውሃ የሚገዛበት ሰፈር ስላደግሁ፣ ምሳሌው ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል። ሐሳቡ ግን ገብቶኛል። የናሽናል ዕቃ ሰፊው ሕዝብ ቤት የገባው በዚህ አስተሳሰብ ነው።

ጦርነቱ መጣ። ኩባንያው ለጦሩ የእንጨት መርከብና አውሮፕላን እስከ መሥራት ደረሰ። ጃፓን ስትሸነፍ ይህ መዘዝ አመጣ። በ1946 አሜሪካኖቹ ማትሱሺታን ከታላላቆቹ የሀብታም ቤተሰብ ኩባንያዎች ጋር መደቡት። ኮኖሱኬ ከሥልጣን እንዲነሳ ተወሰነ። ያዳነው ማን ይመስልሻል? የሠራተኛ ማኅበሩ። በሌላው ፋብሪካ ሠራተኛው አለቃው ይውረድልን ሲል፣ የእነዚህ ማኅበር በሺዎች ፊርማ አሰባስቦ አለቃችንን መልሱልን አለ። በ1947 እገዳው ተነሳ። በ1929 ያልተባረሩት ሰዎች ውለታቸውን መለሱ ማለት ነው።

ቶሺዮ ኢኡዌ ግን በዚህ መሀል ለቀቀ። ያ የ14 ዓመት ልጅ አሁን ጎልማሳ ነው፤ ከእህቱ ባል ጋር ወደ 30 ዓመት ሠርቷል። በ1947 የራሱን ሥራ ጀመረ። የጀመረውም በቢስክሌት መብራት ነው፤ ይህኛው በድንጋይ ሳይሆን በዲናሞ የሚሠራ። ስሙን «ሳንዮ» አለው። ሦስት ውቅያኖሶች ማለት ነው፤ ሰላማዊ፣ አትላንቲክ እና ሕንድ። እንግዲህ የሳንዮ ዝምድና ይህ ነው። አንዱ ባል፣ ሌላው የሚስት ወንድም።

ከዚህ ወዲህ ያለው እድገት ፈጣን ስለሆነ እኔም ልፍጠን። በ1952 ከሆላንዱ ፊሊፕስ ጋር በሽርክና ድርጅት አቋቋሙ። ፊሊፕስ ቴክኒክ ስለማሳይ የሽያጩን 7 በመቶ ክፈሉኝ ብሎ ነበር። ኮኖሱኬ አሰበበት። እናንተ ቴክኒክ ካስተማራችሁ እኛም አስተዳደሩን እንሠራለን፤ የእኛም ሙያ ዋጋ አለው አለ። በመጨረሻ ፊሊፕስ 4.5 በመቶ፣ ማትሱሺታ 3 በመቶ እንዲያገኙ ተስማሙ። በጦርነት ከተሸነፈ አገር የመጣ፣ ትምህርቱን በ9 ዓመቱ ያቋረጠ ሰው ከአውሮፓ ትልቅ ኩባንያ ጋር እንዲህ መደራደሩ ይገርመኛል። በ1954 ደግሞ ጄቪሲ የሚባለውን ሌላ የጃፓን የኤሌክትሮኒክስ ኩባንያ ጠቀለለ።

አሁን የአንቺ ጥያቄ ዋና ቦታ ላይ ደረስን። ኩባንያው ዕቃውን ወደ አሜሪካ መላክ ፈለገ። ግን «ናሽናል» የሚለው ስም እዚያ በሌላ ድርጅት ተይዟል። ስለዚህ በ1955 ወደ ውጭ ለሚላኩ ስፒከሮች አዲስ ስም ወጣ፤ ፓናሶኒክ። «ፓን» ሁሉ ማለት ነው፣ «ሶኒክ» ድምፅ። አሜሪካ ውስጥ ፓናሶኒክ ብቻ ሆነ። ጃፓን ውስጥ ናሽናል ቀጠለ። በሌላው ዓለም፣ የእኛንም አካባቢ ጨምሮ፣ አንዳንዱ ዕቃ ናሽናል፣ አንዳንዱ ሁለቱን ስም ደርቦ «ናሽናል ፓናሶኒክ» ይባል ነበር። የድሮውን ስም የሚያምነው ገዢ እንዳይጠፋ፣ አዲሱንም እንዲለምድ ነው። የአባትሽ ቴፕ የዚያ ዘመን ልጅ ናት። ወንድምሽ ናሽናል ብቻ የሚል አይቶ ከሆነ እሱም ልክ ነው። ሁለቱም ከአንድ ቤት ነው የወጡት።

ቴክኒክስ የሚባለውን ስምም ሳትሰሚ አትቀሪም። እሱም የእነሱ ነው። በ1972 የወጣው ኤስ ኤል 1200 የሸክላ ማጫወቻ የዓለም ዲጄዎች ሁሉ መሣሪያ ሆነ።

ጃፓኖች ማትሱሺታን «ማኔሺታ» ብለው ያሾፉበት ነበር። በቋንቋቸው ኮረጀ ማለት ነው። ሶኒ አዲሱን ነገር ይፈጥራል፣ ማትሱሺታ ተከትሎ በርካሽ ያወጣዋል ለማለት ነው። ሐሜቱ ከእውነት የራቀ አይደለም። ግን አንድ ነገር በእጄ አውቃለሁ። የናሽናል ቴፕ ሲፈታ ሁሉ ነገር ለጠጋኝ ታስቦ የተቀመጠ ነው። ብሎኖቹ ካቻቢቴ በሚገባበት ቦታ ናቸው። የድንጋዩ ቤት ውስጥ ድንጋዩን ስቦ የሚያወጣ ቀጭን ጥብጣብ አለ። የድንጋዩ አቀማመጥ በሥዕል ተለጥፏል፤ ማንበብ የማይችልም ይሞላዋል። ገጠር ለገጠር ዞሮ ዶቸ ቬለን ሲያሰማ የኖረ ሬዲዮ ከነአቧራው ሲመጣልኝ፣ ያቺ ጥብጣብ እስካሁን ቦታዋ ላይ ትገኛለች።

የቪዲዮውም ነገር እንዲሁ ነው። ሶኒ በ1975 ቤታማክስ የሚባለውን የቪዲዮ ካሴት ዓይነት አወጣ። ጄቪሲ በ1976 ቪ ኤች ኤስን። ማትሱሺታ የራሱን ሙከራ ትቶ ከጄቪሲ ጎን ቆመ። የቤታ ካሴት መጀመሪያ የሚይዘው አንድ ሰዓት ነው፣ ቪ ኤች ኤስ ሁለት። አንድ ፊልም ሳይቆረጥ የሚገባው ሁለቱ ላይ ነው። ማትሱሺታ በብዛትና በርካሽ ሲያመርተው ገበያው አዘነበለ። በየከተማችን የነበሩት ቪዲዮ ቤቶች ያሳዩን የነበረው ካሴት የዚያ አሸናፊ ነው።

ኮኖሱኬ በ1989 በ94 ዓመቱ አረፈ። ከዚያ በኋላ ቤቱ ብዙ ተንገዳገደ። በ1990 ኤም ሲ ኤ የሚባለውን የአሜሪካ የፊልምና የሙዚቃ ድርጅት ከ6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥተው ገዙ። አልሆነላቸውም። በ1995 80 በመቶውን ሸጡት። በእኔ አስተያየት የሚያውቁትን የቤት ዕቃ ትተው የማያውቁት ቤት ነው የገቡት። ቀጥሎ በፕላዝማ ቴሌቪዥን ላይ ብዙ ገንዘብ አፈሰሱ። ገበያው ወደ ኤል ሲ ዲ ሄደባቸው። እስከ ማርች 2012 ባለው የበጀት ዓመት ብቻ 772 ቢሊዮን የን ከሰሩ። በ2013 መጨረሻ ፕላዝማውን አቆሙ። ጎረቤታችሁ ከሰረ ያለው ምናልባት ይህን ሰምቶ ይሆናል። ከሰሩ እንጂ አልተሸጡም።

ስሙን በተመለከተ፣ በ2003 ከጃፓን ውጭ ያለው ዕቃ ሁሉ ፓናሶኒክ እንዲባል ተወሰነ። ኦክቶበር 1 ቀን 2008 ኩባንያው ራሱ ማትሱሺታ መባሉን ትቶ ፓናሶኒክ ሆነ። ጃፓን ውስጥ የቀረው «ናሽናል» የሚል ጽሑፍም ቀስ በቀስ ተነሳ። የመሥራቹ የቤተሰብ ስምና እሱ የመረጠው ስም አንድ ላይ ወረዱ። ያን ዜና በሰማሁ ቀን አንድ ናሽናል ጠረጴዛዬ ላይ ተፈትታ ነበር። ፊቷን በጨርቅ ወልውዬ ሠራኋት።

ሳንዮስ? በ2009 መጨረሻ ፓናሶኒክ ከሳንዮ ድርሻ ከግማሽ በላዩን ገዛ። በ2011 ሙሉ በሙሉ የራሱ አደረገው። ሳንዮን የፈለገው በተለይ ለባትሪው ነው፤ በሚሞሉ ባትሪዎች ሳንዮ ትልቅ ስም ነበረው። በ1947 ከቤት የወጣው የሚስት ወንድም ሥራ ከ62 ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ ፓናሶኒክ ለቴስላ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ባትሪ አምራች ሆነ። አሜሪካ ኔቫዳ ውስጥ ከቴስላ ጋር ባቋቋሙት ፋብሪካ ከ2017 ጀምሮ የባትሪ ሴል ያመርታል። ሴሉ ድብልብል፣ ከእኛ የባትሪ ድንጋይ ብዙም የማይርቅ ቅርጽ ያለው ነው። ኦካዳን በ10,000 ድንጋይ ያስደነገጠው ቤት ማለት ነው።

አሁን ወደ ቴፗ። ፎርጅድ መሆን አለመሆኗን በስሟ ሳይሆን በጀርባዋ ነው የምታውቂው። ጀርባዋ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እዪ። የሞዴል ቁጥሯ በአር ኤክስ ከጀመረ ባለ ካሴት ሬዲዮ ናት። በአር ኪው ከሆነ ካሴት መቅጃና ማጫወቻ ነው። በአር ኤፍ ከሆነ ኤፍ ኤም ያለው ሬዲዮ። ፊቷ ላይ ካሴት እያለ ጀርባዋ ላይ የማይገናኝ ቁጥር ካለ ያኔ ጠርጥሪ። ስሙ ላይ አንድ ፊደል የተለወጠ ወይም የተጨመረ ከሆነም እንደዚያው። «ሜድ ኢን ጃፓን» አለማለቱ ግን ምንም አይደለም። ማትሱሺታ ታይላንድ ላይ ከ1961፣ ማሌዥያ ላይ ከ1965 ጀምሮ ፋብሪካ ነበረው። በኋላ ብዙ ዕቃው ከጃፓን ውጭ ነው የተሠራው።

ከሁሉ በፊት ግን ሶኬት ላይ እንዳትሰኪያት! መጀመሪያ ቮልቷን አንብቢ። 100 ቮልት ብቻ ካለች ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ በእኛ 220 ትቃጠላለች። የእንዲህ ዓይነቷ ኤፍ ኤም ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ድረስ ብቻ ነው፤ የእኛን አብዛኞቹን ጣቢያዎች አታገኝም። 110 እና 220 መምረጫ ካላት 220 ላይ መሆኑን አረጋግጪ። የድንጋዩን ቤት ክፈቺ። አሮጌ ድንጋይ ውስጧ ፈሶ ከሆነ አውጪውና የዛገውን ብረት በአልኮል አጽጂው።

ሬዲዮዋ ሠርቶ ካሴቷ ባይዞር አትደንግጪ። ብዙ ጊዜ ሞተሯ አይደለም። ውስጧ ያለው ላስቲክ ነው። ብዙ ዓመት የተቀመጠ ላስቲክ ወይ ይላላል፣ ወይ እንደ ቅጥራን ቀልጦ ይጣበቃል። የቀለጠውን ሙልጭ አድርጎ በአልኮል ማጽዳት፣ ከዚያ ልኩን ላስቲክ ማስገባት ነው። ካሴቱን የሚያነበውን «ሄድ» የሚባለውን ክፍልም በጥጥና በአልኮል ጠረግ ማድረግ። ሙያው ላለው ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ወጪውም ብዙ አይደለም። ስለዚህ አሠሪያት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። አባትሽ ትቷት የሄደ ካሴት ውስጧ ካለ «ፕሌይ» ብለሽ እንዳትሞክሪው። የቀለጠ ላስቲክ ያለበት ማሽን ክሩን ይበላዋል። በሩ እንቢ ካለሽም አታስገድጂው፤ እንዳለች ይዘሻት ሂጂና ጠጋኙ ፈትቶ ያውጣልሽ። የሞዴል ቁጥሩን ከጀርባዋ ጻፊልኝ፣ የላስቲኩን ልክ እነግርሻለሁ።